ከቡሄ ጅራፍ እስከ ደመራ ርችት፦ ድምፅ የሚፈራ ውሻን እንዴት እናግዘው?

አሰልጣኝ ከገርጂ | ሰኔ 18፣ ምሽት 1:40

ክረምቱ ገብቷል። ከአሁን ጀምሮ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ድምፅ ለሚፈራ ውሻ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድና ቆርቆሮ የሚደበድብ በረዶ አለ። ቡሄ ሲቃረብ የልጆች ጅራፍ ይመጣል፣ በዋዜማው ሆያ ሆዬ እያሉ መሬት በዱላ ይደቃሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ርችት ይተኮሳል፣ ከዚያ ደመራ ይከተላል። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውሻው አጥር ዘሎ ከጠፋ በኋላ ነው። የሚሠራውን ከወዲሁ እዚህ እናሰባስብ። የጎደለውን ሙሉ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ገና ሲጀምር ማየት ያስፈልጋል። መንቀጥቀጥና መደበቅ ከመጣ ዘግይተናል። ከዚያ በፊት ውሻው ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ሳይሮጥና ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ከሰው እግር ሥር አይለይም። ከሁሉም በላይ የሚታመነው መለኪያ አፉ ነው። የሚወደውን ሥጋ አፍንጫው ሥር አድርጋችሁለት ካልነካው ፍርሃቱ ከልክ አልፏል፤ በዚያ ሰዓት ምንም አይማርም፣ ከድምፁ ማራቅ ብቻ ነው ያለው። ቀስ ብሎ ከወሰደ ደህና ነው። ጣት እስኪነክስ እየነጠቀ ከበላ ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው፤ ከድምፁ ትንሽ አርቁት።

ዛሬውኑ የሚጀመረው ነገር ቀላል ነው፦ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጉርሻ። ሩብ ኪሎ ጉበት ወይም ቀይ ሥጋ ያለ ጨው ቀቅሉ፣ የሽምብራ ፍሬ አሳክላችሁ ቁረጡ፣ በፌስታል ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ነጎድጓዱ እንደተሰማ፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ ሦስት አራት ፍሬ አንድ በአንድ ስጡት። ተቀመጥ፣ ተኛ፣ ዝም በል አትበሉት። ቢጮህም ስጡት። የምንቀይረው ድምፁ በውስጡ የሚቀሰቅሰውን ስሜት ነው፤ ስሜቱ ሲቀየር ጩኸቱ ራሱ ይቀንሳል።

ቅደም ተከተሉን አደራ፦ ድምፁ ይቅደም፣ ሥጋው ይከተል። ደመናው ሲጠቁር አይታችሁ አስቀድማችሁ ፌስታሉን ካንኮሻኮሻችሁ፣ ጥቂት ቆይቶ የፌስታሉ ኮሽታ ራሱ የነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ጉበት ስታሳዩት መሸሽ ይጀምራል። ስለዚህ ፌስታሉ ፀሐይ በወጣበት ቀንም ከኪሳችሁ አይጥፋ።

የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ስቴፋኒ ሪመር በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1,200 በላይ የውሻ ባለቤቶች ስለ ርችት ፍርሃት ተጠይቀው ነበር። ይህን የድምፅና የጉርሻ ዘዴ ከሞከሩት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ረድቶናል ብለዋል። የባለቤቶች ምስክርነት እንጂ በመሣሪያ የተለካ አይደለም፤ ቢሆንም ከተጠየቁት ዘዴዎች ሁሉ ከፍተኛውን ውጤት ያገኘው ይህ ነው።

የግቢ ውሻ | ሰኔ 18፣ ምሽት 3:05

ከጉርሻውም በፊት ሰንሰለቱ ይፈታ። በርችት ምሽት ታስሮ የሚያድር ውሻ ለመሸሽ ይዘላል፤ ሰንሰለቱ አጥሩ ላይ ይይዘውና በማዶው ተንጠልጥሎ ይታነቃል። ከዚህ ቢተርፍ እንኳ ሰንሰለቱን ሲያኝክ ጥርሱን ይሰብራል፣ መሬት ሲቧጥጥ ጥፍሩን ይነቅላል። መሸሽ እንደማይችል ማወቁ ራሱ ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው የውሻ ቤቱ ነው። አብዛኛው በቆርቆሮ ነው የሚሠራው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ለዝናብና ለበረዶ ከበሮ ነው። ተደብቆ ይረፍበት ተብሎ የተሠራው ቤት ከውጭው ይበልጥ ይጮህበታል። ዝናብ ሲጀምር ከቤቱ ወጥቶ ውጭ እየበሰበሰ የሚቆም ውሻ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ጭድ የተሞላ ጆንያ ጣሪያው ላይ ደርባችሁ አንጥፉ፣ እንዳይበሰብስ በሸራ ሸፍኑት፣ ነፋስ እንዳይወስደው በሽቦ እሰሩት። ከውስጥ ግድግዳውን በስስ ጣውላ ልበጡ። ስፖንጅ ግን አታስገቡ፤ በጭንቀት ጊዜ ገንጥሎ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋል። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ጭድ ይሁን፣ የውሻ ቤቱ መግቢያ ደግሞ ከዋናው በር ወደተቃራኒው ይዙር።

ከተቻለ ግን የተሻለው ከግንብ የተሠራ ክፍል ነው። ውሻ ዋናው ቤት አይገባም የምትሉ ሰርቪሱ ወይም ዕቃ ቤቱ ይበቃል። ጥግ ላይ ጠረጴዛ አድርጋችሁ በሦስት ጎኑ አሮጌ ጋቢ አልብሱት። የክፍሉን በር አትዝጉበት፤ ከተዘጋበት በሩን ሲቧጥጥ ራሱን ይጎዳል። የሚዘጋው የግቢው በር ነው። ደግሞም ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በርችት ሌሊት እንዳታሳዩት። ከአሁን ጀምሮ እራቱን እዚያው እየበላ ይልመደው።

ሰላም ከሲኤምሲ | ሰኔ 19፣ ጠዋት 2:20

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ሲፈራ ብንደባብሰው ፍርሃቱን እናበረታታለን የሚባለው እውነት ነው? በነጠላ መጠቅለል ይረዳል የሚሉስ? ሬዲዮ መክፈትስ?

አሰልጣኝ ከገርጂ | ሰኔ 19፣ ጠዋት 4:00

እህቴ፣ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ፍርሃት ስሜት ነው፤ ሰው አቅፎ ስላጽናናው አይበረታም። ውሻው መጥቶ እግርሽ ሥር ከተኛ እጅሽን ጫኚበት፣ ረጋ ባለ ድምፅ አናግሪው። ሄዶ አልጋ ሥር ከገባ ግን ጎትተሽ አታውጪው፣ ጉርሻ እያሳየሽም አታባብዪው። መደበቂያውን የመረጠው እሱ ነው። ጉርሻውን እዚያው አጠገቡ ጣይለት። መቆጣትና መምታት ፍርሃቱ ላይ ሌላ ፍርሃት መጨመር ነው። «ይልመደው» ብሎ ርችቱ ያለበት ቦታ ወስዶ ማሰርም እንዲሁ፦ ውሻው መንፈራገጡን ሲያቆም ለመደ ይባላል፣ እውነቱ ግን ደርቆ መቅረቱ ነው።

ነጠላው አንዳንዱን ያረጋጋል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አይሠራም። በዚያው በሪመር ጥናት ልዩ የመጠቅለያ ልብስ ከተጠቀሙት ረድቶናል ያሉት 44 በመቶ ናቸው። ልትሞክሪ ከፈለግሽ ጸጥ ባለ ቀን፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ሁለት ጣት እስኪገባ ላላ አድርገሽ ደረቱ ላይ አዙሪለት። ሐውልት ሆኖ ከቆመ አልተረጋጋም፤ ፍቺለት። ብቻውንም ተጠቅልሎ አይተው፣ ሲያኝከው ሊታነቅ ይችላል።

ሬዲዮ ይረዳል፤ ግን ድምፁ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ይከፈት፣ ሰው ቤት ውስጥ ከሚያወራበት ድምፅ ብዙም አይብለጥ። እሱንም በተራ ቀን ጭምር ክፈቺው፣ አለዚያ እንደ ፌስታሉ ምልክት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪ የሚይዝ ይሁን።

ቡችላ ከሰሚት | ሰኔ 19፣ ቀን 8:15

በተቀዳ ድምፅ የሚሰጠውን ልምምድ ዘርዘር ብታደርገው። ዩቲዩብ ላይ የነጎድጓድ ድምፅ ከፍቶ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል?

አሰልጣኝ ከገርጂ | ሰኔ 19፣ ምሽት 2:30

አይበቃም፤ ጉዳቱም ያመዝናል። አንድ ሰዓት ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም ቅጂ ውሻው የሚያርፍበትን ፋታ ይነሳዋል፣ ለጉርሻም ቦታ አይሰጥም። የምትፈልገው አንድ የርችት ተኩስ ወይም አንድ የጅራፍ ጩኸት ብቻ ያለበት አጭር ቅጂ ነው። እንዲህ ያለ ሰባት ስምንት ድምፅ፣ በመካከላቸው ጸጥታ እያስገባህ፣ በአንድ ፋይል ብታደርገው ጥሩ ነው። የጸጥታው ርዝመት አንዴ 20 ሰከንድ፣ አንዴ አንድ ደቂቃ ይሁን፤ እኩል ከሆነ ውሻው ቆጥሮ ይጠብቀዋል።

ስፒከሩን በብሉቱዝ አገናኝተህ ሌላ ክፍል አስቀምጠው። የብዙ አንድሮይድ ስልክ ድምፅ 15 ደረጃ አለው፤ በ1 ጀምር። ልክ የሆነው ድምፅ ውሻው ጆሮውን ብቅ አድርጎ ወዲያው ወደ ሥራው የሚመለስበት ነው። ራሱን ካነሳና መብላት ካቆመ በዝቷል፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርግ። ልምምዱ አምስት ደቂቃ ነው፣ በቀን አንዴ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን። ድምፅ፣ ጉርሻ፣ ዝምታ። ድምፅ፣ ጉርሻ፣ ዝምታ። በሦስት ተከታታይ ልምምድ ምንም ካልታየበት አንድ ደረጃ ጨምር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይቀይራል። ስፒከሩን ካቀረብክ ድምፁን ቀንስ። ከሳሎን ወደ ግቢ ከወጣህ ከደረጃ 1 ጀምር። ከቀን ወደ ማታ ስትሸጋገርም እንዲሁ፤ ለውሻ የማታ ርችትና የቀን ርችት አንድ አይደሉም። ሥራው መያዙን የምታውቅበት ምልክት አለ፦ ድምፁ እንደተሰማ ውሻው ዞር ብሎ ፊትህን ያያል፣ ከዚያ ኪስህን። ያንን እስክታይ አትቸኩል። ሳምንታት ይወስዳል፣ ለከባዱ ፍርሃት ደግሞ ወራት።

የግቢ ውሻ | ሰኔ 19፣ ምሽት 3:10

አንድ እርማት ልጨምር። የነጎድጓዱን ቅጂ አሁን አትጀምሩ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እውነተኛው ነጎድጓድ እየመጣ ጠዋት የተገነባውን ያፈርሰዋል። የነጎድጓድ ልምምድ ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምቱን በጉርሻና በመደበቂያው እያለፋችሁ፣ በቅጂ ጅራፍና ርችት ብቻ አለማምዱ።

ደግሞ የስልክ ስፒከር የነጎድጓዱን ወፍራም ጉርምርምታ አያወጣም። የመብረቁ ብልጭታ፣ የነፋሱ መቀየር፣ የዝናቡ ሽታም ቅጂው ላይ የሉም። በዚህ የተነሳ በቅጂ ደረጃ 15 ላይ ተኝቶ የሚሰማ ውሻ እውነተኛው ሲመጣ ሊደናገጥ ይችላል። ባስ ያለው ስፒከር የተወሰነውን ያሻሽላል፤ ለብልጭታው ወፍራም መጋረጃ ነው።

ሐኪም ከቢሾፍቱ | ሰኔ 20፣ ጠዋት 1:50

ከሕክምናው በኩል ሦስት ነገር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ እድሜው የገፋና ቀድሞ የማይፈራ ውሻ በድንገት ድምፅ መፍራት ከጀመረ ሕመም ፈልጉ። የዳሌ፣ የጉልበት ወይም የጀርባ ሕመም ያለበት ውሻ ሲደነግጥ ጡንቻው ይኮማተርና ያመዋል። ድምፁና ሕመሙ በአእምሮው ይተሳሰራሉ። ደረጃ ለመውጣት ያመነታል ወይ? ከተኛበት ሲነሳ ይደነዝዛል ወይ? ሕመሙ ካልታከመ ልምምዱ ፍሬ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ያልተከተበ ውሻ በድንገት ለድምፅና ለብርሃን የሚደነብር ከሆነ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ የጩኸቱ ድምፅ ከተለወጠ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰክቶ ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። ሰውና እንስሳ በማይደርስበት አግልሉት፣ ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ጤነኛ የሆነ ግን የደነገጠ ውሻም ይነክሳል፤ ስለዚህ ክትባቱን ከበዓላቱ በፊት አድሱ።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት። ፍርሃቱ የከፋ ውሻ መድኃኒት ቢታዘዝለት ማፈር አያስፈልግም፤ ልምምዱም ይቀለዋል። ትራዞዶን፣ ጋባፔንቲን፣ አልፕራዞላም የመሳሰሉት በሐኪም ተመዝነው የሚሰጡት ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተንቀጠቀጠ በኋላ የተሰጠ ብዙም አይረዳም። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ጸጥ ባለ ቀን አንዴ ይሞከር፤ አንዳንዱን ውሻ ከማረጋጋት ይልቅ ይበልጥ ያነቃዋል፣ ያ ደግሞ በርችት ሌሊት መታወቅ የለበትም። ፍሉኦክሰቲን በየቀኑ የሚሰጥ ሲሆን ውጤቱ ለመታየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ ለመስከረም ከታሰበ በሐምሌ መጀመር አለበት። አሴፕሮማዚን ለብቻው አይመከርም፤ ሰውነቱን ያደክማል እንጂ ፍርሃቱን አይወስድም። ውሻው ተኝቶ ይታያችኋል፣ ውስጡ ግን ሁሉንም እየሰማ ነው።

የሰው መድኃኒት ከመሳቢያ አውጥታችሁ አትስጡ። ለሰው የተዘጋጀ ፈሳሽ ጋባፔንቲን ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል፣ ውሻን ይገድላል። አልኮልም መርዝ ነው። ጉርሻውን በተመለከተ፣ ከወጥ ድስት የወጣ ሥጋ አይሁን፤ ቁሌቱ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የፍልሰታ ጾም ላይ ሥጋ ካልተገኘ የተቀቀለ እንቁላል በቂ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኔ 20፣ ምሽት 4:45

ዶክተር፣ እናመሰግናለን። አሜሪካ ላለነው ርችት የሚተኮስበት የነጻነት በዓል፣ ጁላይ 4፣ ሊደርስ አንድ ሳምንት ነው፣ ተኩሱ ደግሞ ከቀኑ በፊት ይጀምራል። አፓርታማ ለምትኖሩ፦ የማይክሮቺፑ (ከውሻው ቆዳ ሥር የሚቀበረው መለያ) ምዝገባ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የአሁኑ መሆኑን ዛሬ አረጋግጡ። ስልክ ቀይሮ ምዝገባውን ያላደሰ ብዙ ነው። የመጨረሻው የውጭ ዙር ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ። በዚያ ሳምንት በሁለት ገመድ ውጡ፣ አንዱ ከአንገት ቀበቶው፣ ሌላው ከደረት ማሰሪያው። የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ ሲስብ አንገቱ ከቀበቶው ሹልክ ይላል። በረንዳ በፍጹም አይተው።

እዚህ ሲሊዮ የሚባል ጄል አለ፣ ለድምፅ ፍርሃት በ2015 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ። በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚገኘው። በጉንጩና በድዱ መካከል ነው የሚደረገው፤ ከዋጠው አይሠራም። የሚያደርግለት ሰው ጓንት ይልበስ፣ በቆዳ ይገባል።

ከቤር ሼቫ | ሰኔ 21፣ ጠዋት 3:30

እስራኤል ላለን የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ነገር ይለያል። ውሻው ከድምፁ እኩል የሚደነግጠው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ሲሮጥ ነው። ስለዚህ የምትለማመዱት ሩጫውንም ነው። በተራ ቀን የማንቂያውን ድምፅ በስልክ በትንሹ አሰሙት፣ ሳትጮሁ ተነሱ፣ ማማድ (የቤቱ የተጠናከረ መጠለያ ክፍል) ግቡ፣ ጉርሻው እዚያ ይጠብቀው። ገመዱ በሩ ላይ ተሰቅሎ ይደር። ማማድ ውስጥ ምንጣፍ፣ ውኃና ሽንት ቢያመልጠው ጋዜጣ ይኑር። ወደ ሕንጻው የጋራ መጠለያ የምትወርዱ አፉ ላይ የሚደረገውን ቅርጫት ቀድማችሁ አለማምዱት፤ ጠባብ ቦታ፣ ሕፃናት፣ የደነገጠ ውሻ አብረው ናቸው።

ሰላም ከሲኤምሲ | ሰኔ 21፣ ቀን 7:40

የቡሄው ጅራፍ በእውነተኛው ጅራፍ መለማመድ ይቻላል? ደግሞ ማታ ከውሻው ጋር የሚያድረው ዘበኛው ነው።

የግቢ ውሻ | ሰኔ 21፣ ምሽት 1:15

ይቻላል፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ያግዛሉ። ጅራፍ የሚከብደው ድምፁ ሹል ስለሆነ ነው፤ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ነው የሚጮኸው። አንድ ልጅ ብቻ፣ አንድ ጅራፍ ብቻ። በ100 እርምጃ ርቀት፣ ከግንብ ማዶ ይጀምር። እጅሽን ስታነሺ አንዴ ያጩህ፣ ውሻው ጉርሻውን ጨርሶ ዘና እስኪል ይጠብቅ። አምስት ጊዜ ከሆነ ለዕለቱ በቃ። በሚቀጥለው ቀን ምንም ካልታየበት ወደ 90 እርምጃ። ሁለት ልጅ ከተቀላቀለ ተመልሰሽ ከ100 ጀምሪ። ጅራፉን ግን ማንም ወደ ውሻው እንዳያዞር፤ የአንድ ቀን ቀልድ የወር ልፋት ያበላሻል።

ዘበኛውን የጠቀስሽው ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቱ ተለማምዶ ሌሊቱን ዘበኛው «ሂድ ወደዚያ!» ካለው የተለፋው ከንቱ ነው። አንድ ልምምድ አብረሽ አሠሪያቸው፣ ፌስታሉ በእሳቸው ካፖርት ኪስ ይደር። የሚነገራቸውም አጭር ነው፦ ጅራፍ ወይም ርችት በጮኸ ቁጥር ጉርሻ ይስጡት፣ አይቆጡት፣ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ውሻው የት እንዳለ ይዩ።

አሰልጣኝ ከገርጂ | ሰኔ 21፣ ምሽት 2:50

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰዓቱን ላስቀምጥ። 10 ሰዓት ላይ በገመድ ረዘም ያለ ጉዞ፣ 45 ደቂቃ፣ እንዲያሸት እየተዉት። 11 ሰዓት ላይ እራት። ከ11:30 በኋላ አንዴ ሽንቱን ይሽና፣ ከዚያ ከግቢ መውጣት የለም። 12 ሰዓት ላይ መጋረጃ፣ ሬዲዮ፣ ክፍሉ። ችቦው ሲለኮስ በሩ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ውሻው ክፍሉ ውስጥ መሆኑን አንድ ሰው ይይ። ርችቱ የሚበዛው ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ ርችት የሚያይ ከሆነ አንዱ ከእሱ ጋር ይቅር። የአንገቱ ቀበቶ ላይ ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ።

ከጠፋ አትሩጡበት፣ ሰፈሩንም ሰብስባችሁ አትጥሩ። የደነገጠ ውሻ የባለቤቱንም ድምፅ ይሸሻል። በሩን ገርበብ አድርጉ፣ የተኛበትን ጨርቅና ምግብ በሩ ላይ አኑሩ፣ ለአካባቢው ዘበኞች ንገሩ። ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ድልድይ ሥርና የቆመ መኪና ሥር ፈልጉ። ስታገኙት ጎናችሁን ሰጥታችሁ ተቀመጡ፣ ጉርሻ ጣሉ፣ እሱ ይምጣ።

ቡችላ ከሰሚት | ሰኔ 22፣ ጠዋት 2:05

ከዋዜማው በኋላ እስከ ደመራ ያለው 16 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ልምምዱ ይቀጥላል?

አሰልጣኝ ከገርጂ | ሰኔ 22፣ ጠዋት 3:20

ወዲያው አይደለም። የደነገጠ ሰውነት በአንድ ሌሊት አይረጋጋም፤ ከመስከረም 1 እስከ 3 ምንም ልምምድ የለም፣ እንቅልፍ፣ የሚያኝከው ነገርና አጭር ጉዞ ብቻ። በእነዚያ ቀናት የድስት ክዳን መውደቅ ሊያስደነግጠው ይችላል፣ አትገረም። መስከረም 4 ላይ የርችት ቅጂውን ካቆምክበት ሳይሆን በግማሽ ዝቅ አድርገህ ጀምር፤ 8 ላይ ነበርክ እንበል፣ በ4። መስከረም 15 ላይ እንደገና እረፍት ስጠው፣ 16 ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመራው የሚለኮስበት አደባባይ ቅርብ ከሆነ ከ9 ሰዓት በፊት ክፍሉን አዘጋጅ።